«ይበቃል» ያልነው ብሎን

በቋንቋችን ካሉት ቃላት መካከል እንደ «ይበቃል» ያለ ምቹ ቃል ያለ አይመስለንም። በማዕድ ላይ ሲነገር የጨዋነት ምልክት ነው፤ በጠብ መካከል ሲነገር የአስታራቂ ቃል ነው። በሥራ ላይ ሲነገር ግን መመርመር ያለበት ቃል ነው። ብሎን የሚያጠብቅ ሰው እጁ ሲዝል «ይበቃል» ይላል፤ ደብዳቤ የሚያረቅ ሹም የመውጫው ሰዓት ሲቃረብ «ይበቃል» ይላል፤ ተማሪም ለፈተና ሲያጠና እንቅልፍ ሲጫጫነው መጽሐፉን ይከድንና «ይበቃል» ይላል። እኛም ባለፈው ክረምት በሰው አገር መንገድ ላይ ይህንኑ ቃል ተናግረን፣ ቃሉ ሊያስከትል ይችል የነበረውን ነገር በዓይናችን ስላየን፣ ታሪኩን ለአንባቢዎቻችን ማጫወት ተገቢ መስሎ ታየን።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አጎታችን በአሜሪካ፣ በቨርጂንያ ግዛት፣ ለዋሺንግተን ቅርብ በሆነ ሥፍራ ከተቀመጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታክሲ እየነዱ ልጆቻቸውን አሳድገው፣ አስተምረው፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሴት ልጃቸው በቴክሳስ ግዛት በዳላስ ከተማ አጠገብ ከባሏ ጋር ትኖራለች። ባለፈው ሰኔ መጨረሻ የመጀመሪያ ልጇን በመውለዷ፣ ባለቤታቸው እትዬ አራሷን ሳያዩ እህል አልዋጥላቸው አለ። እኛም በዚያው ወራት ለዘመድ ጥየቃ ሄደን ኖሮ የጉዞው ተካፋይ ለመሆን በቃን።

መንገዱ 1,300 ማይል፣ ማለት 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እትዬ በአውሮፕላን ሲሳፈሩ ጆሯቸውን ያማቸዋል፤ ከዚህም በላይ ለአራስ የተዘጋጀው የገንፎ ዱቄት፣ የአጥሚቱ እህል፣ የተነጠረው ቅቤና በርበሬው በሻንጣ የሚያልቅ አልነበረም። ስለዚህ ጋሼ ጡረታ ሲወጡ በርካሽ ዋጋ የገዟት አሮጌ ካምፐር ከቆመችበት ተነሥታ እንድትታጠብ ተወሰነ።

ካምፐር ማለት በመኪና የሚጎተት ትንሽ ቤት ነው። አገራችን የጭነት መኪና ተሳቢ እንደሚጎትት፣ እዚያ አገር ቤተ ሰብ አልጋውን፣ ምድጃውንና መታጠቢያውን በሁለት ጎማ ላይ ጭኖ ይጎትታል። ነገሩ ለኢትዮጵያም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዋሊ ባያም የተባለው አሜሪካዊ፣ ኤርስትሪም የሚባሉትን እንደ ብር የሚያብረቀርቁ ተሳቢ ቤቶች የሚሠራው ድርጅት መሥራች፣ በ1959 እ.ኤ.አ. 41 ተሳቢ ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ተነሥቶ እስከ ካይሮ በተጓዘ ጊዜ የእኛንም አገር አቋርጦ አልፏል።

በአዲስ አበባ ጃንጥላና ካፖርት በሚያዝበት በሐምሌ ወር፣ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ግን ፀሐይዋ የምታሳርፍ አይደለችም። በቴክሳስ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ግድግዳዋ በስስ ላሜራ የተለበጠ ካምፐር በዚያ ፀሐይ ሥር ስትውል ውስጧ እንደ ጋለ ምጣድ ይሆናል። እትዬ የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪማቸው ከሙቀት እንዲጠበቁ አስጠንቅቋቸዋል። በካምፐሯ ጣራ ላይ የነበረው የአየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ከተበላሸ ቆይቷል። አዲስ የጣራ ማቀዝቀዣ ማስተከል ከ1,000 ዶላር በላይ የሚያስወጣ ሆኖ ሲገኝ፣ ጋሼ እዚያ አገር ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ለቤት መስኮት የተሠራውን ትንሹን ማቀዝቀዣ ከ200 ዶላር ባነሰ ዋጋ ገዝተው መጡ።

የዚህ ዕቃ ታሪክ በተለይ ለወጣት ምሩቃን የሚስብ ነው። የዛሬውን የአየር ማቀዝቀዣ የፈጠረው ዊሊስ ካሪየር ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ1901 እ.ኤ.አ. ነበር። በተመረቀ በዓመቱ፣ በ25 ዓመት ዕድሜው፣ በኒውዮርክ በብሩክሊን ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ችግሩን አቀረበለት። በበጋ ወራት የአየሩ እርጥበት ከቀን ወደ ቀን ስለሚለዋወጥ ወረቀቱ ይለጠጥና ይኮማተር ነበር፤ ከዚህም የተነሣ ቀለማቱ በተከታታይ ሲታተሙ አንዱ ከሌላው ጋር አልገጥም ይል ነበር። ካሪየር አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ በማሳለፍ እርጥበቱን የሚቀንስ መሣሪያ ነደፈ። እንግዲህ ዛሬ ሰው የሚቀዘቅዝበት መሣሪያ በመጀመሪያ የታሰበው ለወረቀት ነበር ማለት ነው።

የመስኮቱ ማቀዝቀዣ አሠራር በአጭሩ ይህ ነው። አንድ ሳጥን ለሁለት ተከፍሎ፣ ፊቱ በክፍሉ ውስጥ፣ ጀርባው በውጭ ይሆናል። የፊቱ ክፍል ሙቀቱን ከቤት ይሰበስባል፤ የጀርባው ክፍል ወደ ውጭ ይተፋዋል። ከባዱ ሞተር፣ ማለት ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር፣ የሚገኘው በጀርባው በኩል ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ምን ጊዜም ወደ ውጭ መውደቅ ይፈልጋል። በቤት መስኮት ላይ የማይወድቀው፣ ከላይ ወደ ታች የሚዘጋው የመስኮት ክፈፍ ግንባሩን ተጭኖ ስለሚይዘው ነው፤ ቤቱም ከቦታው አይንቀሳቀስም። ካምፐር ግን እንዲህ ያለ መስኮት የላትም፤ ደግሞም ትሄዳለች።

ይህን ሁሉ እኛ እናውቅ ነበር። ስለ ካሪየር ለእትዬ በቡና ላይ ያወራናቸውም እኛው ነን። ስለዚህ ጋሼ መኪናቸውን ዘይት ለማስለወጥ ወደ ጋራዥ ሲሄዱ «ማቀዝቀዣውን ለእኛ ይተዉልን» አልን። የኋላውን መስኮት አውልቀን በቦታው ኮምፔንሳቶ ገጠምን፤ ኮምፔንሳቶውን በልኩ ቀደን ሳጥኑን አሾለክን፤ ከሥሩ አንድ ጣውላ አጋድመን በአራት የእንጨት ብሎን ከግድግዳው ጋር አያያዝነው። ከላይ ምንም አላሠርንበትም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥራው አለቀ፤ ሲያዩትም ያምር ነበር።

ጋሼ ተመልሰው መጡና ሳጥኑን በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ አልተነቃነቀም።

«ከምን ጋር ነው ያሠርከው?» አሉን።

«ከግድግዳው ጋር ነው ጋሼ። ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?» አልን።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። በማግሥቱ ማለዳ፣ እትዬ ለመንገዱ ጸሎት ካደረሱ በኋላ፣ ተነሣን።

100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄድን፣ ፍሮንት ሮያል ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጋሼ ወደ ነዳጅ ማደያ ገብተው ቆሙ። ነዳጁ ሙሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ገና አሁን ተነሣን እኮ» አልን ከመቀመጫችን ሳንነሣ።

«ጭነት የሚፈተሸው መነሻው ላይ አይደለም፤ መጀመሪያ የቆምክበት ላይ ነው» ብለው ወርደው ሄዱ። እኛም በልባችን ሽማግሌ ፍርሃት አያጣም እያልን ቡናችንን ቀጠልን። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ከኋላ ተሰማ።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ የሠራኸውን እይ።»

ሄደን ያየነውን ለመናገር ዛሬም ያሳፍረናል። ከአራቱ ብሎኖች ሁለቱ የሉም፤ ሦስተኛው እስከ ግማሹ ወጥቷል። ጣውላው ዘንብሏል፤ ሳጥኑ ሦስት ጣት ያህል ወደ ውጭ ተንሸራቶ ጀርባው ወደ መንገዱ አጎንብሷል። 20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ብረት ይዞት የነበረው አንድ ብሎንና የተቀደደው የኮምፔንሳቶ ጠርዝ ብቻ ነበር።

በዚያን ጊዜ ትዝ ያለን አንዲት ቀይ መኪና ናት። ለረጅም ጊዜ ከኋላችን ስትከተል ቆይታ ነበር ያለፈችን፤ ስታልፈንም በኋላ መቀመጫ የተቀመጠ አንድ ሕፃን እጁን አውለብልቦልን እኛም አውለብልበንለት ነበር። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሴኮንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከፊቱ ሳጥን ቢወድቅበት አይቶ፣ አስቦ፣ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ነገሩ ያልቃል። ይህም የፈሪ ሐሳብ አይደለም። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር የመንገድ ደኅንነት ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ከ2011 እስከ 2014 በነበሩት አራት ዓመታት በመንገድ ላይ በወደቁ ዕቃዎች ምክንያት ከ200,000 በላይ አደጋዎች ደርሰዋል፤ 39,000 ያህል ሰዎች ቆስለዋል፤ ከ500 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። ከእነዚህም አደጋዎች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል የደረሱት በደንብ ካልታሠረ ጭነት ወይም ካልተጠበቀ መኪና በወደቀ ዕቃ ነው።

ጋሼ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለን ነበር። የማደያው በረንዳ ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ከዚህ በፊት ያልነገሩንን አንድ ነገር ነገሩን።

በ1960ዎቹ መጨረሻ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳሉ በአሰብ መንገድ በሚመላለስ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ። አንድ ቀን ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጡ፣ ከኋላ የተጫነ በርሜል ገመዱን በጥሶ ቁልቁል ተንከባለለ። ገመዱን ያሠሩት እርሳቸው ነበሩ። ኮምቦልቻ ላይ ፈትሽ ተብለው «ይበቃል» ብለው ነበር። በርሜሉ እህል የጫነ አህያ ገደለ፤ ባለቤቱ ከጎኑ ነበርና ለጥቂት ተረፈ።

«ሹፌሩ የአህያውን ዋጋ ከፈለ» አሉን። «ሰውዬው ግን ገንዘቡን በእጁ ይዞ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ቀረ። ያ ፊት እስከ ዛሬ አልተወኝም። አንተ ዛሬ በነጻ ነው የተማርከው።»

ከዚያ በኋላ ማቀዝቀዣውን አወረድነው። ለቀሪው ጉዞ የሆነውን ሁሉ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ለሚገጥመው ሰው ይጠቅም ዘንድ፣ በዝርዝር ለመጻፍ እንወዳለን።

ጋሼ በመጀመሪያ የነገሩን፣ ከማሠር ሁሉ የሚበልጠው ማውረድ መሆኑን ነው። ካምፐር በመንገድ ላይ ሳለች ሰው በውስጧ እንዳይቀመጥ በብዙዎቹ ግዛቶች ሕግ ተከልክሏል፤ መንገደኞቹ የሚቀመጡት በሚጎትተው መኪና ውስጥ ነው፤ ማቀዝቀዣው የሚያስፈልገው ማታ ሲታደር ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበት ያለው ሰው ሳጥኑን አውርዶ፣ ከጎማዎቹ በላይ በሆነው የወለል ክፍል፣ መንቀጥቀጡ አነስተኛ በሆነበት ሥፍራ፣ በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ፣ እንዳይንሸራተት በቀበቶ ማሠር ይችላል። ነገር ግን ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት። በጎኑ ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ከቦታው ስለሚሸሽ፣ ከቆመ በኋላ ብዙ ሰዓት ሳያርፍ ቢያስነሡት ሞተሩ ይጎዳል። የመጀመሪያውን ቀን እኛ የተጓዝነው በዚህ ዓይነት ነበር፤ ቀዳዳውንም በኮምፔንሳቶ ደፈንነው።

ይሁን እንጂ 20 ኪሎ በየማታው መስቀልና በየጧቱ ማውረድ ለጋሼ ወገብ አልሆነም፤ እኛም ከዳላስ በአውሮፕላን የምንመለስ ስለ ነበርን፣ በመልሱ ጉዞ የሚያግዛቸው አይኖርም። ስለዚህ በዚያው ማታ በአንድ ማረፊያ ሠፈር፣ በመንገድ ከገዛነው ዕቃ፣ ሥራውን እንደ ገና ጀመርን።

አንደኛ፣ ክብደቱ ከግድግዳው ላይ ተነሣ። የካምፐር ግድግዳ ስስ ላሜራና ስስ ጣውላ ነው፤ ጥንካሬው ያለው በመካከሉ ባሉት ሞራሌዎችና በወለሉ ነው። ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው እያንኳኩ ሞራሌዎቹን ፈለጉ፤ ከዚያም ከማዕዘን ብረት አልጋ የመሰለ ማስቀመጫ ሠርተን፣ እግሮቹን ከወለሉ፣ ትከሻውን ከሞራሌዎቹ ጋር አሠርን። ወደ ውጭ ለሚወጣውም ጀርባ ከካምፐሯ የብረት ሻሲ የተነሣ ድጋፍ አቆምንለት። ውኃው በውጭ እንዲንጠባጠብ ሳጥኑን በጥቂቱ ወደ ውጭ አዘነበልነው፤ በጀርባው ጎንና ጎን ያሉት የአየር መተንፈሻዎችም እንዳይደፈኑ ተጠነቀቅን።

ሁለተኛ፣ የእንጨት ብሎን ቀርቶ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ብሎን በሰፊ ሮንዴላና በናይለን በተለበጠ ዳዶ ተተካ። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ብሎንን ከሁሉ ይበልጥ የሚፈታው ከጎን ወደ ጎን የሚመጣ መንቀጥቀጥ ነው። ብሎኑ ቢጠብቅም መንቀጥቀጡ ጥርሱን በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ያንሸራትተዋል፤ በመጨረሻ ማንም ሳይነካው ራሱን ፈቶ ይወጣል። ናይለኑ ያለው ዳዶ ይህን መንሸራተት ይከላከላል።

ሦስተኛ፣ ሳጥኑ ከሥሩ ጎማ ተነጠፈለት፤ በጎንና በጎኑ የእንጨት ሽብልቅ ገባለት፤ ከላይ ደግሞ የመስኮቱን ክፈፍ ሥራ የሚሠራ ጠንካራ ብረት ተጋደመበት። በመጨረሻም የጭነት ቀበቶ በወርዱ ዙሪያውን ታሠረ። ብረቱ ቢሰበር ቀበቶው እንዲይዝ፣ ቀበቶው ቢላላ ብረቱ እንዲይዝ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ሳጥኑን ራሱን በትራፓኖ አልበሳነውም። በውስጡ ጋዝ የሚመላለስባቸው ስስ ቱቦዎች አሉ። አንዱ ከተበሳ ዕቃው ዋጋ አይኖረውም፤ በአዳዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች የሚገባው አር-32 የተባለው ጋዝም በመጠኑ የመቀጣጠል ጠባይ አለው።

አምስተኛ፣ ሚዛን ተጠበቀ። ተሳቢ ቤት ከጠቅላላ ክብደቱ ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆነውን በመጎተቻው ላይ ማሳረፍ አለበት። ከኋላ ጭነት ሲበዛ የፊቱ ይቀልና ተሳቢው እንደ አሣ ጅራት ይወዛወዛል፤ መኪናውንም ይዞ ሊገለብጥ ይችላል። እኛ በኋላው ጫፍ ላይ 20 ኪሎና የድጋፉን ብረት ስለ ጨመርን፣ የውኃ ጀሪካኖቹንና የእትዬን የቅቤ ባልዲ ወደ ፊት አዛወርን።

ስድስተኛው የጋሼ የራሳቸው ዘዴ ነው። በእያንዳንዱ ዳዶና ብሎን ላይ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥታ መሥመር አሰመሩ። መሥመሩ እንደ ተያያዘ ከሆነ ዳዶው አልተነቃነቀም፤ ከተቆረጠ ግን ተፈቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በቆምንበት ማደያ ሁሉ፣ በቴነሲም በአርካንሳስም፣ ሳንጠየቅ ወርደን መሥመሩን የምናይ እኛ ሆንን።

ስለ ኤሌክትሪኩ አንድ ቃል እንጨምር። ይህ ትንሽ ማቀዝቀዣ የሚበላው ግማሽ ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ስለ ሆነ በትንሽ ጄኔሬተርም ይሠራል፤ ነገር ግን በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ቢቀጠል ገመዱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ደግሞም የአሜሪካው ዕቃ የሚሠራው በ120 ቮልት አካባቢ ነው፤ የእኛ አገር 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ከዚያ የተላከለት ዘመድ ሳይጠይቅ ሶኬት ላይ ቢሰካው በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል።

ቴክሳስ የገባንበት ቀን ሙቀቱ 40 ዲግሪ ነበር። ዳላስ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ሌሊት፣ ማረፊያው ሠፈር እንደ ምድጃ እየተነፈሰ፣ እትዬ በካምፐሯ ውስጥ ነጠላቸውን ደርበው ተኝተው አደሩ። ጧት ሲነሡ «ይህ ዕቃ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ንብ ሲያጉረመርም አደረ፤ እግዜር ይስጣችሁ፤ በረደኝ እኮ» አሉ። ጋሼ ሳቁ፤ እኛም ወርደን ነጩን መሥመር አየን። ሁሉም እንደ ተያያዘ ነበር።

አራሷ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን። እትዬ ሕፃኑን በታቀፉ ጊዜ ያለቀሱትን ልቅሶ መግለጽ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም። እኛ ግን ሕፃኑን ባየን ጊዜ ያ በቀይዋ መኪና ውስጥ ሆኖ እጁን ያውለበለበልን ልጅ ትዝ አለን። እርሱም በዚያን ቀን አያቱ ዘንድ ይሄድ እንደ ሆነ ማን ያውቃል።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው። መጠርጠር ያለብን ግን መንገዱን ወይም ሌላውን ሰው ብቻ አይደለም፤ በገዛ እጃችን ሠርተን ያማረልንን ሥራ ጭምር ነው። የቆመ ካምፐር ሲገፉት አይነቃነቅም፤ በጠረጴዛ ላይ ያለ ውሳኔም ሲያነቡት ጉድለት አይታይበትም። ሁለቱም የሚፈተኑት መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጥን ወጣቶች ሁሉ፣ ፈርመን ያሳለፍነው ሥራ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ በምናስብበት ጊዜ፣ ወርደን ብሎኑን ብናየው መልካም ነው። ዲግሪ ለጋሼ አልነበራቸውም። ያን ዕለት ጧት ግን ነዳጅ ሳያስፈልጋቸው የቆሙት እርሳቸው ነበሩ።